በኺታ፦ የአንድ ስም ትርጉምና ታሪክ

በካርቱም ደቡባዊ ክፍል በሚገኘው የጀብራ ሠፈር የኖረ ሐበሻ «በኺታ» የሚለውን ስም ሳይሰማ የቀረ አይመስልም። በማለዳ ከመንገድ ዳር ሻይ የምታፈላ እናት፣ ከኑባ ተራሮች ወይም ከዳርፉር የመጣች ጎረቤት፣ አንዳንዴም ገና ትምህርት ቤት ያልገባች ሕፃን በዚህ ስም ስትጠራ ይሰማል። ስሙ ዐረብኛ ነው። ለወንድ «በኺት»፣ ለሴት «በኺታ» ሲሆን ትርጉሙም ባለ ዕድል ማለት ነው። ሱዳናዊ ወዳጁ መልካም ነገር ባጋጠመው ጊዜ «ያ በኽታክ!» ይለዋል፤ ሴት ከሆነችም «ያ በኽቲክ!» ይላታል። ይህ የእኛው «ታድለህ!»፣ «ታድለሽ!» ነው። ስለዚህ በኺታ የሚለውን ስም ወደ አማርኛ መልስ የተባለ ተርጓሚ ብዙ ሳይጨነቅ «ታደለች» ቢል አልተሳሳተም።

የቃሉ ሥር ግን ከዐረብኛ አይጀምርም። «በኽት» ወደ ዐረብኛ የገባው ከፋርስኛ ነው። በፋርስኛ «ኾሽበኽት» ዕድሉ የቀናና ደስተኛ ሰው ሲሆን «በድበኽት» ደግሞ ዕድለ ቢስ ነው። ቱርኮችም፣ ሕንዶችም ቃሉን በየአፋቸው ተቀብለው ይጠቀሙበታል። የጥንቱን የኢራን ቋንቋ የመረመሩ ምሁራን ማካፈል፣ መደልደል ከሚል ግሥ ያወጡታል፤ በኽት ማለት በመጀመሪያ ለአንድ ሰው የተከፈለለት ድርሻ ነበረ። የአማርኛውም «ዕድል» እንዲሁ «ዐደለ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ዛሬም እህል ታደለ፣ ዕርዳታ ታደለ እንላለን። ሁለቱ ቋንቋዎች በዘር ሳይዛመዱ ስለ ዕድል ያሰቡት አንድ ሆኖ ተገኝቷል። ዕድል አካፋይ ያለው ነገር ነው። በበኺታ ስም ታሪክ ውስጥ ከባዱ ጥያቄ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ አካፋዩ ማን ነበር?

በነገራችን ላይ፣ በ652 በኑቢያና በግብፅ ዓረቦች መካከል የተደረገው «በቅጥ» የተባለው ውል በድምፅ ቢቀራረብም ከዚህ ቃል ጋር ዝምድና የለውም፤ እርሱ ስምምነት ከሚለው የላቲን ቃል በግሪክ በኩል የመጣ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ በዚያ ውል ኑቢያ በየዓመቱ ታስረክብ የነበረው 360 ያህል ባሪያ ስለ ነበረ፣ የሱዳንን ታሪክ የሚያነብ ተማሪ ሁለቱን ቃላት ቢያምታታ አይፈረድበትም።

በአማራው ባህል ስም የሚያወጣው ወላጅ ነው። ስሙም ብዙ ጊዜ ራሱን የቻለ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ታደለች፣ ተዋበች፣ በለጠች። ልጅ ሞቶበት ሌላ የወለደ ሰው «ምትኩ» ወይም «ካሳ» ይላል፤ ኀዘኑን ሊረሳ የፈለገ «ማስረሻ» ይላል። ስሙን የሰማ የቤቱን ታሪክ ግማሹን ሰማ ማለት ነው። «ታደለች» ስትባልም ዕድሏን የመሰከረላት ወይም የተመኘላት የገዛ ወገኗ ነው። በኺታ የሚለው ስም ግን በሱዳን ምድር የተስፋፋው በአብዛኛው በሌላ እጅ ነው። ወላጅ ያወጣው በኺት አልነበረም ማለት አይደለም፤ ከ1914 እስከ 1920 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሼኽ ሙሐመድ በኺት አል ሙጢዒ በዚህ ስም የሚጠሩ የተከበሩ ሊቅ ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን ሱዳን ውስጥ ግን በኺትና በኺታ በባርነት ለተያዙ ሰዎች የሚሰጡ ስሞች መሆናቸው በሰፊው የታወቀ ነበር። ከዚህም የተነሣ በዓባይ ዳር ያሉ ሐረግ ቆጣሪ ቤተ ሰቦች ስሙን ለልጆቻቸው ከማውጣት ሲሸሹ ኖረዋል።

ለባሪያ መልካም ስም ማውጣት በዓረቡ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ያቁት የከበረ ድንጋይ ነው፤ መርጃን ከባሕር የሚወጣ ቀይ ጌጥ ነው፤ ዓንበር ሽቶ ነው፤ ሱሩር ደስታ ነው። ከኢትዮጵያ ተሽጦ ሄዶ በሕንድ ደከን ታላቅ ሥልጣን የጨበጠው መሊክ ዓንበር (1548–1626) እና ከእርሱ በፊት በ13ኛው መቶ ዘመን በዴልሂዋ ሱልጣና በራዚያ ቤተ መንግሥት የነበረው ሐበሻው ያቁት የዚህ ዓይነት ስም ባለቤቶች ናቸው። ምክንያቱን የ10ኛው መቶ ዘመን የቋንቋ ሊቅ ኢብን ዱረይድ በስሞች ላይ በጻፈው መጽሐፉ አስፍሮታል። ዐረቡ ልጆቹን አንበሳ፣ ተኩላ፣ ቋጥኝ እያለ በሚያስፈራ ስም የሚጠራው ለጠላቱ ሲሆን፣ የባሮቹን ስም ያሳመረው ግን ለራሱ ነው። ጌታው ጧት ተነሥቶ በግቢው ውስጥ «ዕድል!» ብሎ ሲጣራ ቀኑ እንዲቀናለት ነው። በኺታ በተባለችው ልጅ ላይ የተለጠፈው ዕድል የገዢዋ ዕድል ነበር ማለት ነው።

የዚህ ልማድ ከሁሉ የታወቀች ምስክር በዳርፉር፣ በዳጁ ሕዝብ መካከል፣ ኦልጎሳ በተባለ መንደር በ1869 ገደማ ተወለደች። ከቤተ ሰቡ ታላቅ እኅቷ ቀድማ በባሪያ ፈንጋዮች ተወስዳ ነበር። በ1877 እርሷም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ሲሆናት ሁለት የታጠቁ ሰዎች ከመንደሩ ዳር ይዘው ወሰዷት። በኋላ ራሷ እንደ ተናገረችው፣ ፈንጋዮቹ ስሟን ሲጠይቋት ከድንጋጤ ብዛት አንደበቷ ታስሮ መመለስ አቃታት። እነርሱም በኺታ እንበላት ተባባሉ። ከዚያ ወዲያ እናትና አባቷ ያወጡላት ስም ከልቧ ጠፋ፤ እስከ ዕለተ ሞቷም አልተመለሰላትም።

የሰባት ዓመት ልጅ የገዛ ስሟን ረሳች ሲባል ለማመን ያስቸግር ይሆናል። ስም ግን በጠሪ የሚኖር ነገር ነው። በዳጁ ቋንቋ የሚጠራት ሰው ከአጠገቧ ከጠፋ በኋላ፣ ቀን ከሌሊት በሌላ ስም እየተጠራች፣ አቤት ሳትል ስትቀር እየተገረፈች የኖረች ሕፃን የቀድሞውን ስም በምን ታቆየዋለች? ቋንቋውንም ቢሆን ቀስ በቀስ አጥታዋለች። የቀረላት ዐረብኛ ነበር፤ እርሱም የተማረችው ከጌቶቿ ነው።

ወደ ኤል ኦቤይድ ገበያ የተነዳችው በባዶ እግሯ ሲሆን መንገዱ 960 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ስትሸጥ ቆይታ በአንድ የቱርክ ጦር አዛዥ ቤት ወደቀች። እዚያ የደረሰባት ነገር ሲነገር ይዘገንናል። በደረቷ፣ በሆዷና በቀኝ ክንዷ ላይ በዱቄት መስመር ተነድፎ፣ በመስመሩ ላይ በምላጭ ተተልትላ፣ ቁስሉ እንዳይገጥም ጨው ተነሰነሰበት። የጠባሳዎቹ ቁጥር 114 ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ስሟ «ዕድለኛዋ» ነበር።

ወቅቱን ልብ ማለት ያስፈልጋል። ልጅቱ በተፈነገለችበት በዚያው በ1877፣ ኦገስት 4 ቀን፣ እንግሊዝና ግብፅ የባሪያ ንግድን የሚከለክል ውል ተፈራርመው ነበር። በውሉ መሠረት ባሪያን ከቤት ወደ ቤት መሸጥ በግብፅ ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በሱዳን ደግሞ ከዐሥራ ሁለት ዓመት በኋላ እንዲቆም ተወስኗል። ለፈራሚዎቹ ዐሥራ ሁለት ዓመት የጊዜ ገደብ ነው። በኺታ ግን ከተፈነገለች ጀምሮ ነፃ እስከ ወጣችበት ቀን ድረስ የቆጠረችው ልክ ያንኑ ዐሥራ ሁለት ዓመት ነው።

በ1882 መጨረሻ የመሐዲ ጦር ኤል ኦቤይድን ሲያስጨንቅ አዛዡ ወደ አገሩ ሊመለስ አስቦ ባሮቹን ሸጠ፤ ዐሥሩን ግን በካርቱም ሊሸጣቸው አስቀረ። በዚህም አኳኋን በኺታ በ1883 ካርቱም ገብታ ለኢጣልያ ምክትል ቆንስል ለካሊስቶ ለኛኒ ተሸጠች። በለኛኒ ቤት ጅራፍ አልነበረም። ሕይወቷን የጻፉላት ሁሉ ይህን አጉልተው ያወሱታል፤ እውነትም ነው። ይሁን እንጂ ቆንስሉ ያገኛት ገንዘብ ከፍሎ መሆኑ በዚሁ ምስጋና ተሸፍኖ እንዳይቀር ያስፈልጋል።

በፌብሩዋሪ 1884 ካርቱም የገባው ጄኔራል ጎርደን፣ ቀደም ሲል ባሪያ ነጋዴዎችን በማሳደድ ስሙ የገነነ ሰው ሆኖ ሳለ፣ የከተማውን ሰው ከጎኑ ለማሰለፍ ሲል የ1877ቱ ውል በሱዳን እንደማይሠራ ዐወጀ። በኺታ በዚያን ጊዜ በዚያችው ከተማ ነበረች። በዓመቱ መጨረሻ ለኛኒ ከተከበበችው ካርቱም ከወዳጁ ከአውጉስቶ ሚኪዬሊ ጋር ሲወጣ አብራው ለመሄድ አጥብቃ ለመነችው። በግመል 650 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ሱዋኪን ደረሱ። የካርቱምን መውደቅ የሰሙትም በዚያው ሆነው ነው፤ ቀኑ ጃንዋሪ 26 ቀን 1885 ነበር። በማርች ከሱዋኪን ተነሥተው በኤፕሪል ጄኖቫ ወደብ ገቡ። እዚያ ለኛኒ ልጅቱን ለሚኪዬሊ ሚስት ለቱሪና በስጦታ ሰጣት። ከዚያም በቬኒስ አቅራቢያ በሚራኖ፣ ሚሚና የምትባል ሕፃን ሞግዚት ሆነች።

ቱሪና በ1889 ሞግዚቷን ከቬኒስ ወስዳ ወደ ሱዋኪን ልትመለስ ስትነሣ ያልታሰበ ነገር ሆነ። በካኖሳ እኅቶች ዘንድ፣ በንዑሰ ክርስቲያን ቤት ትማር የነበረችው በኺታ አልሄድም አለች። እመቤቷ ለመነች፣ ተቆጣች፤ በኺታ ግን ከቃሏ አልተነቃነቀችም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ኖቬምበር 29 ቀን 1889 የተሰጠው ፍርድ፣ የኢጣልያ ሕግ ባርነትን ስለማያውቅና በሱዳንም ከመወለዷ በፊት ስለ ተከለከለ፣ በኺታ ከመጀመሪያው በሕግ ባሪያ ሆና አታውቅም የሚል ነበር። ለእርሷ ነፃነት ነው። ነገር ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት የተሸጠችን ሴት «አልተሸጥሽም ነበር» ብሎ ነፃ ማውጣት የሕግ ቋንቋ ብቻ የሚችለው ነገር ነው።

ጃንዋሪ 9 ቀን 1890 ስትጠመቅ የተሰጧት ስሞች ጆሴፊና፣ ማርጋሬታ እና ፎርቱናታ ናቸው። የመጨረሻው ለተርጓሚ የሚገርም ነው፤ ፎርቱናታ በላቲንኛ ዕድለኛ ማለት ነውና። ባሪያ ፈንጋዩ በዐረብኛ ያወጣው ስም ተተርጉሞ በክርስትና መዝገብ ላይ ሰፈረ። ለምን አልተጣለም? ከወላጆቿ የመጣ ሌላ ስም ስላልነበረ የሚጣለውን የሚተካ አልተገኘም። ደግሞም ሴቲቱ ስሙን ራሷ ወስዳ ሌላ ፍቺ ሰጥታዋለች። በኋለኛው ዘመን፣ የፈነገሏትን ሰዎች ብታገኛቸው ተንበርክካ እጃቸውን እንደምትስም፣ ያ ባይሆን ኖሮ ወደ እምነቷ ባልደረሰችም ነበር ብላ እንደ ተናገረች ይነገራል። ይህ ንግግር በብዙ ስብከት ተደጋግሟል፤ ሲደጋገምም ፈንጋዮቹን ነፃ የሚያወጣ እየመሰለ ሄዷል። የእርሷ ቃል ግን የራሷን ዕድል አካፋይ ከእነርሱ እጅ ነጥቆ ለሌላ ያስረከበ ነው። በኽት ማን እንዳከፋፈለ የምትናገረው አሁን እርሷ ሆነች።

በ1896 የምንኩስና መሐላዋን ፈጽማ ከ1902 ጀምሮ በስኪዮ ከተማ ገዳም በምግብ አብሳይነት፣ በጥልፍ ሥራና በበር ጠባቂነት ኖረች። የከተማው ሰው ግን በኺታም ፎርቱናታም አላላትም፤ «ማድሬ ሞሬታ»፣ ጥቁሯ እናት፣ ይላት ነበር። ታሪኳን በ1910 ለአንዲት እኅት በቃል ነገረች፤ በ1931 ኢዳ ዛኖሊኒ በመጽሐፍ አወጣችው። ኢትዮጵያዊ አንባቢን ቆም የሚያደርግ ገጽ የሚመጣውም ከዚህ በኋላ ነው። አዲስ አበባ በኢጣልያ ጦር በተያዘችበት በ1936፣ በዲሴምበር ወር፣ በኺታ ወደ አዲስ አበባ ከሚሄዱ ሚስዮናውያን እኅቶች ጋር በሮም ሙሶሊኒ ፊት ቀርባለች። ዕድሜዋ ወደ ሰባ የተጠጋው አፍሪካዊት መነኩሲት በዚያ አዳራሽ የቆመችው ለማን እንዲመች እንደ ሆነ መገመት አይከብድም። ስሟ ለሁለተኛ ጊዜ የሌላ ሰው ዕድል ማድመቂያ ሆነ። ፌብሩዋሪ 8 ቀን 1947 በስኪዮ ዐረፈች።

ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ሴቶች ልጆችም በዚሁ ልማድ አልፈዋል። በ19ኛው መቶ ዘመን ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ ሰዎች በጎጃሙ የባሶ ገበያና በመተማ በኩል ወደ ሰናርና ወደ ካርቱም ይወርዱ ነበር። «ሐበሺያ» የምትባል ልጅ በካርቱምና በካይሮ ገበያ ዋጋዋ ከፍ ያለ ነበር። ጀርመናዊው ልዑል ሄርማን ፎን ፒውክለር ሙስካው በ1837 ግብፅንና ሱዳንን ሲጎበኝ የገዛት የኦሮሞ ልጅ «መሕቡባ» ትባል ነበር። ትርጉሙ የተወደደች ነው። የዐረብኛው ሰዋስው እዚህ ላይ ልብ ይነካል፤ ቃሉ ተወደደች ይላል እንጂ ማን እንደ ወደዳት አይናገርም። ልዑሉ በሶርያና በቁስጥንጥንያ አዙሮ አውሮፓ አደረሳት፤ ኦክቶበር 27 ቀን 1840 በሙስካው ገና በለጋ ዕድሜዋ ሞተች። የትውልድ ስሟ ቢሊሌ ነበር የሚሉ አሉ። መቃብሯ ግን ዛሬም የሚታወቀው በገበያው ስም ነው።

የዐረብኛ ስም ሁሉ ወደ እኛ የመጣው በዚህ መንገድ ነው ማለት ትልቅ ስሕተት ይሆናል። በወሎ ፋጢማ ፋጡማ ስትሆን፣ ኸዲጃ ከድጃ ስትሆን፣ ስሙን ያወጣውም ያሳመረውም የልጅቱ ቤተ ሰብ ነው። በዚያው በወሎ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን የገዙት ሁለቱ እመቤቶች ወይዘሮ ወርቂትና ወይዘሮ መስተዋት፣ ከእስላም ባላባት ቤት ሆነው ሳለ፣ ስማቸው አማርኛ ነበር። በአንጻሩ ክርስቲያኑ ልጁን «አልማዝ» ሲል ዐረብኛ አወጣሁ ብሎ አያስብም። አልማስ ከግሪክ ተነሥቶ በፋርስና በዐረብኛ በኩል የደረሰን ቃል ነው። በሱዳን ደግሞ ከባርነት ወደ ሠራዊት የገቡ ወንዶች ይጠሩበት ነበር፤ ከ1863 እስከ 1867 በሜክሲኮ የተዋጋውን የሱዳን ሻለቃ ጦር የመራው መኮንን ሙሐመድ አልማስ ይባል ነበር። በአዲስ አበባ የእመቤት ስም የሆነው በካርቱም የወታደር ስም ነበር።

በዘመናችን ደግሞ ስም በሌላ ምክንያት ይለወጣል። ካለፉት አንድ ሁለት ትውልዶች ወዲህ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ክርስቲያን ሴቶች በፓስፖርታቸው ላይ ዘይነብ ወይም ፋጡማ ብለው ማስጻፋቸው የታወቀ ነው። በካርቱም ይህ የሚፈጸመው ያለ ወረቀት ነበር። ጸ፣ ጨ እና ጰ በዐረብኛ ስለማይገኙ፣ አሠሪዋ አጥርታ መጥራት ሲያቅታት ለምላሷ የሚቀልላትን ትሰጣለች። ይህን ከፈንጋዮቹ ሥራ ጋር አንድ ማድረግ አይገባም። የጀብራዋ ሠራተኛ ማታ ቤቷ ገብታ ቡና ስታፈላ በእናቷ ስም ትጠራለች፤ የሚያውቋት ጎረቤቶች አሉ፤ በስልክ የሚጠራት አባት አለ። ስሟ ጠሪ አላጣም።

ችግሩ የሚመጣው ጠሪው በራቀ ቀን ነው። በተለወጠ ስም የሄደች ሴት ስትታመም፣ ስትታሰር ወይም ስትጠፋ፣ ቤተ ሰቧ በየትኛው ስም ይፈልጋት? ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ሲፈነዳና በአቅራቢያው የሸጀራ የጦር ሠፈር ያለበት ጀብራ የተኩስ መካከል ሲሆን፣ ከከተማው የወጣው ሐበሻ ብዙው በገላባትና በመተማ በኩል ነበር የተሻገረው። በባሪያ ነጋዴዎች ዘመን ልጆች ስማቸውን እየጣሉ የወረዱበት መንገድ ነው። በኬላው ላይ ለሚመዘግበው ሰው የሚነገረው የትኛው ስም እንደ ሆነ ያን ቀን ቀላል ጥያቄ አልነበረም።

የበኺታ ስም ራሱ ከዚያ ወዲህ ሌላ ኑሮ ጀምሯል። ሜይ 17 ቀን 1992 ብፅዕት ተባለች። በዓመቱ ፌብሩዋሪ 10 ቀን ካርቱምን የጎበኙት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ኦክቶበር 1 ቀን 2000 ቅድስት ብለው ሰየሟት። ከ2015 ጀምሮ ዕረፍቷ የሚታሰብበት ፌብሩዋሪ 8 በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሰው መነገድን ለመቃወም የሚጸለይበት ቀን ሆኗል። በጁባ በ2006 የተመሠረተው የሀገረ ስብከቱ ሬዲዮ «በኺታ» ይባላል። በኑባ ተራሮችና በደቡብ ሱዳን፣ በካቶሊኩ ቤት፣ ሕፃን ስትወለድ ይህን ስም የሚያወጡላት ዛሬ እናትና አባቷ ናቸው።